ቼን ዪንኬ፦ ድምዳሜ በውሰት ያልተቀበለ የታሪክ ሰው

(ይህ በንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ገልብጠው ለጻፉልኝ ልጆች ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ድግግሞሹን ትንሽ ቀነስ አደረግሁት እንጂ እንዳለ ነው የተውኩት።)

እንደምን አመሻችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ስለ አንድ ቻይናዊ የታሪክ ምሁር ለመስማት ይህን ያህል ሰው መምጣቱ በጣም ነው ደስ ያለኝ። በጣም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቼን ዪንኬ የሚለውን ስም የሰማ አለ? እጃችሁን አውጡ። ሁለት ሰው ብቻ ነው የማየው። ችግር የለም። እኔም ለትምህርት ጓንግዙ እስክሄድ ድረስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ ቻይና ስናወራ መንገድ እንላለን፣ ባቡር እንላለን፣ ስልክና ዕቃ እንላለን። ስለ አሳቢዎቻቸው ግን ስንናገር አልሰማሁም። ይህቺ አገር እኮ የታሪክ ጸሐፊን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ስታከብር የኖረች አገር ናት። በዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተነሱት መካከል፣ ብዙዎች ከፊት የሚያቆሙት ሰው ነው የዛሬው ባለታሪካችን።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ እንዴት እንደተማረ። ሁለተኛ፣ እንዴት እንዳነበበ። ሦስተኛ፣ እንዴት "አይሆንም" እንዳለ። ለእኔ ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው፤ ለምን እንደዚያ እንደምል እየሄድን ታዩታላችሁ። በመሀል ከመንገድ ብወጣ ታገሱኝ።

እንግዲህ አንደኛው።

ቼን የተወለደው በ1890 ቻንግሻ በምትባል ከተማ፣ ሁናን ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። አያቱ የሁናን ገዥ ነበሩ። ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ ጋዜጣ ያስጀመሩ፣ አገራቸው እንድትለወጥ የፈለጉ ሰው ናቸው። በ1898 ንጉሡ የጀመረው የለውጥ ሙከራ በመቶ ቀን ገደማ ሲከሽፍ አያትየው ከሥልጣን ተባረሩ፣ ዳግመኛ ለመንግሥት ሥራ እንዳይታጩም ተከለከሉ። አባቱ ቼን ሳንሊም አብረው ተቀጡ። አባትየው ስመ ጥር ገጣሚ ናቸው። ልጁ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው። የፖለቲካ ማዕበል አንድን ቤት እንዴት እንደሚያናውጥ በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ቤቱ አየው።

ከዚያ ጉዞው ይጀምራል። በ1902 ከወንድሙ ጋር ወደ ጃፓን ሄደ። ታመመና ተመለሰ። ሻንጋይ ተማረ። ቀጥሎ በርሊን፣ ቀጥሎ ዙሪክ፣ ቀጥሎ ፓሪስ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1919 ደግሞ አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ገባና ሳንስክሪትና ፓሊ አጠና። በ1921 እንደገና በርሊን ወርዶ እስከ 1925 ድረስ ከጥንታዊ ቋንቋዎች ጋር ሲታገል ኖረ። ሳንስክሪት፣ ቲቤትኛ፣ ሞንጎልኛ፣ ማንቹ፣ ሌሎችም። ለምን ይህን ሁሉ? የቻይናን ታሪክ በቻይንኛ ብቻ ማወቅ አይቻልም ብሎ ስላመነ ነው። ቡድሂዝም ከሕንድ መጣ፤ የሰሜኑ ገዥዎች ከዱር ሜዳው መጡ፤ ስለዚህ የጎረቤቶችን ቋንቋ ካላወቅህ የራስህን ቤት ግማሹን ነው የምታየው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ስንት ዲግሪ ይዞ ተመለሰ?

አንድም! አንድም አልያዘም። በየሄደበት የሚፈልገው መምህር ዘንድ ይሄዳል፣ የሚፈልገውን ይማራል፣ ደብተሩን ይሞላል፣ ይወጣል። ወረቀቱ ትዝም አላለው።

በ1925 ቤጂንግ ያለው ቺንግሁዋ የሚባል ከፍተኛ ትምህርት ቤት የቻይናን ጥንታዊ ዕውቀት የሚያጠና ተቋም ከፈተ። የዘመኑ ታላላቅ ስሞች ተሰበሰቡበት፦ ሊያንግ ቺቻው፣ ዋንግ ጉዎዌይ፣ ዣው ዩዋንረን። አራተኛው ይህ ዲግሪም ስመ ጥር መጽሐፍም የሌለው ሰው ሆነ። ሲወራ እንደኖረው፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር አለመሆኑንና መጽሐፍ አለመጻፉን ሲሰማ ሲያመነታ፣ ሊያንግ ቺቻው የእኔ መጽሐፎች ሁሉ ተደምረው ከእሱ ጥቂት መቶ ቃላት አይበልጡም ብሎ ተከራከረለት ይባላል። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አምሮ ሊሆን ይችላል። ቦታውን ግን አገኘ። በ1926 ማስተማር ጀመረ፤ ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ እሱ ክፍል ገብተው ይሰሙት ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁ ጋሽ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ስማቸው ይቆየኝ። የትኛው ደብዳቤ ለማን እንደተጻፈ፣ ማን ጽፎ ማን እንደፈረመ፣ ፋይሉ የትኛው ቁምሳጥን ውስጥ እንዳለ ሳይነሱ ይነግሯችኋል። የቆዩ ሰነዶችን የሚያደራጅ ክፍል ተከፈተና ኃላፊ ተፈለገ። እሳቸው አመለከቱ። "የትምህርት ማስረጃ ያያይዙ" ተባሉ። ማስረጃ የላቸውም። ፋይል ፈልጎ የማያውቅ ባለ ዲግሪ ወጣት ተሾመ፤ ፋይል ሲጠፋበት ወደ ማን እየሄደ ይጠይቅ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ይህን የማነሳው ዲግሪ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ እኔም ለዲግሪ ነው ባሕር የተሻገርኩት። ነገር ግን ዕውቀትን ከማኅተሙ ለይተን ማየት ካቃተን ብዙ ሰው በደጃችን አልፎ ይሄዳል። ቺንግሁዋ ያን ጊዜ ለየው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ወደ ነገራችን።

በተቋሙ ገና አንድ ዓመት ሲሆነው ትልቅ ሐዘን መጣ። ሰኔ 2 ቀን 1927 ዋንግ ጉዎዌይ ወደ በጋው ቤተ መንግሥት ሄዶ እዚያ ያለው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ለምን? ወሬው ብዙ ነው። ለወደቀው ንጉሣዊ ሥርዓት ታማኝ ስለነበረ ነው አሉ። ከአንድ የቅርብ ወዳጁ ጋር በገንዘብ ተጣልቶ ነው አሉ። ቼን በሁለቱም አልተስማማም። በ1929 ቺንግሁዋ ግቢ ለቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ጽሑፉን እሱ አዘጋጀ። ሰው የሚማረው አእምሮውን ከተለመደው አስተያየት እስራት ለማውጣት ነው፣ ይህን ነፃነት ካጣ ግን መኖሩ ምኑ ነው የሚል ሐሳብ ነው ያለበት። መጨረሻ ላይ በቻይንኛ ዐሥር ፊደል የሆነ ሐረግ አለ፦ ራሱን የቻለ መንፈስ፣ ነፃ የሆነ ሐሳብ። ዛሬ ቻይና ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ይህችን ሐረግ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው ነጥቤ፦ እንዴት እንደሚያነብ።

ቼን የሚያስተምረው በተለይ ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን መጨረሻ ያለውን ታሪክ ነው። ይህ ዘመን ብዙ የተጻፈበት ዘመን ነው፤ ታዲያ ምን አዲስ ነገር ይገኛል? እሱ ያደረገው ሌሎች የታሪክ ማስረጃ ነው ብለው ያላሰቡትን ማንበብ ነው። ግጥም። አዎ፣ ግጥም! ግጥሙን በታሪክ መዝገብ ይፈትነዋል፣ የታሪክ መዝገቡን ደግሞ በግጥሙ።

ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ይህቺን በጣም ነው የምወዳት። በታንግ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ ያንግ ጉዌፌይ የምትባለውን ውብ ሴት ወደደ። በ755 አመፅ ተነሳ፣ ንጉሡ ከዋና ከተማው ሸሸ፣ በመንገድ ላይ ወታደሮቹ ካልሞተች አንሄድም አሉ፣ በ756 ተገደለች። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ባይ ጁዪ የሚባል ገጣሚ ስለ ሁለቱ ፍቅር ረጅም ግጥም ጻፈ። ቻይና ውስጥ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። መጨረሻው አካባቢ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ "የረጅም ዕድሜ አዳራሽ" በሚባለው ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ቃል ሲገባቡ እናያለን። ስንት ሰው አልቅሶበታል!

ቼን ምን አደረገ? መዝገቡን ገለጠ። ያ አዳራሽ የሚገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፍል ውኃ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡ ወደዚያ የሚሄደው መቼ ነው? በብርድ ወቅት! ሰው ፍል ውኃ የሚሄደው ሲበርደው ነው። መዝገቡ በበጋ ሙቀት ሄደ አይልም። ሰባተኛው ወር ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ገና ሙቀቱ ያልወጣበት ነው። ሌላም አለ። ያ አዳራሽ መኝታ ቤት አይደለም፤ ለአማልክት ሥርዓት የሚደረግበት ቤት ነው። በእኩለ ሌሊት ሁለት ፍቅረኞች የሚያንሾካሹኩበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ያ ቃል ኪዳን በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ አልተደረገም። ሺህ ዓመት ሙሉ የተነበበ ግጥም!

ታዲያ ገጣሚው ዋሸ ብሎ ተወው? አልተወውም። ቼን ትልቅ የሚሆንብኝ እዚህ ላይ ነው። ለምን ተሳሳተ ብሎ ጠየቀ። ባይ ጁዪ ግጥሙን የጻፈው በ806 ነው፤ ገና ወደ ቤተ መንግሥት ሊቃውንት ጉባኤ አልገባም፤ የውስጡን ሥርዓት አያውቅም። የነገረን የሹዋንዞንግን ዘመን ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትውልድ ስለ ሹዋንዞንግ ምን ያስብ እንደነበር ነው። አያችሁ? ግጥሙ ምስክርነቱን አላጣም። የሚመሰክርለት ዘመን ነው የተለወጠው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አገሬ ስመለስ አንድ ነገር አጋጠመኝ። በቤታችን ስለ ቅድመ አያቴ የሚባል ፉከራ አለ። ዓባይን በነሐሴ በዋና ተሻገረ ይላል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንፎክርበት ኖረናል። አጎቴን "ጋሼ፣ በነሐሴ ዓባይን ማን በዋና ይሻገረዋል?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ ጉዞው የነጋዴ ጉዞ እንደነበረና ነጋዴ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በበጋ እንደሆነ፣ ጥር ላይ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩኝ። ፉከራውን ያወጣው ሰው ግን ጥርን ምን ያድርገው? ጀግና ሙላት ይሻገራል እንጂ የጎደለ ወንዝ አይሻገርም። እንግዲህ ፉከራው ስለ ቅድመ አያቴ ጉዞ ብዙ አይነግረኝም፤ የመንደሩ ሰው ጀግንነትን በምን ይለካ እንደነበር ግን ቁልጭ አድርጎ ይነግረኛል። ቼን ያስተማረኝ ይህን ነው። የሰማኸውን አትጣል፤ እንዳለም አትዋጥ።

እሱ ራሱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጻፈው አንድ ግምገማ፣ የጥንት ሰዎችን ለመንቀፍ ከመነሳታችን በፊት በእነሱ ቦታ ቆመን፣ ለምን እንደዚያ ለማሰብ እንደተገደዱ በርኅራኄ መረዳት አለብን ይላል። ሆኖም ወዲያው ያስጠነቅቃል፦ በዚህ ሰበብ የራሳችንን ሐሳብ በእነሱ አፍ እንዳንጨምር። ሁለቱን አብሮ መያዝ ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም።

ሌላውን ትልቅ ሥራውን በአጭሩ ልንካው። የሱይና የታንግ ሥርወ መንግሥታት ከየት መጡ? ቼን እንዳሳየው ከአንድ የሰሜን ምዕራብ ጥምረት ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ዩዌን ታይ የሚባል የጦር አለቃ፣ ከተቀናቃኞቹ በኃይል ያነሰ ስለነበር፣ ከዱር ሜዳ የመጡትን የሽያንቤይ ሕዝብ ወታደሮችና የአካባቢውን ሃን፣ ማለትም ነባር ቻይናውያን ቤተሰቦች በአንድ ላይ አሰረ። ከዚያ ጥምረት ነው ቀጣዮቹ ነገሥታት የወጡት። ደግሞም በዚያ ዘመን አንድን ሰው ሃን ነው ወይም ባዕድ ነው የሚያሰኘው የደሙ ሐረግ ሳይሆን አኗኗሩና ትምህርቱ እንደነበር ከመዝገቡ እየጠቀሰ አሳየ። ይህን የሚጽፈው መቼ ነው? በ1940 አካባቢ፣ አገሩ በጃፓን ጦር ተወርራ፣ በየዓለሙ ስለ ንጹሕ ዘር በሚለፈፍበት ጊዜ።

እና በምን ሁኔታ ጻፈው? ወገኖቼ፣ ይህን ስናገር ልቤ ይነካል።

በ1937 ጃፓኖች ቤጂንግን ያዙ። አባቱ፣ እነዚያ ሽማግሌ ገጣሚ፣ ምግብም መድኃኒትም እምቢ ብለው ሞቱ። በሐዘኑ ሰሞን የቼን የቀኝ ዓይን ሬቲና ተላቀቀ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አለ። ቀዶ ሕክምና ማለት ደግሞ ለማገገም በጠላት እጅ ባለች ከተማ መቆየት ማለት ነው። መቆየት ማለት በጃፓኖች ሥር ማስተማር ሊመጣ ነው። ምን አደረገ? ዓይኑን ትቶ ሄደ። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ።

መጽሐፎቹስ? እሱ የሚጽፈው ከሚያነበው መጽሐፍ ዳር ዳር ላይ ነው፤ የዓመታት ሥራው እዚያ ኅዳግ ላይ ነው ያለው። ቀድሞ ወደ ቻንግሻ የላካቸው በ1938 በከተማዋ ቃጠሎ ነደዱ። ይዟቸው የሄደው ሣጥኖች ደግሞ በቬትናም በኩል ሲያልፉ ተሰረቁ። ሁለቱን የታንግ መጽሐፎቹን በእጁ በቀሩ ተራ እትሞችና በማስታወሱ ነው የጻፋቸው። በ1939 ኦክስፎርድ የቻይና ጥናት ፕሮፌሰር እንዲሆን ጋበዘው፤ መርከብ ሊሳፈር ሆንግ ኮንግ ሲደርስ አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ቀረ። በ1941 መጨረሻ ጃፓን ሆንግ ኮንግን ያዘች። ቤተሰቡ ተራበ። ጃፓኖች እህልና ገንዘብ ሲያቀርቡለት አልቀበልም አለ። በ1942 አምልጦ ወደ መሀል አገር ገባ።

በታኅሣሥ 1944 ቼንግዱ ከተማ እያለ አንድ ቀን ጠዋት ተነሳ። አያይም። ግራ ዓይኑም ሄደ። የመጀመሪያ ነገሩ ምን ይመስላችኋል? ልጁን ጠርቶ፣ ዛሬ ክፍል መግባት አልችልም ብለሽ ለተማሪዎቼ ንገሪልኝ አላት። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ድረስ ሄዶ ታከመ። አልዳነም። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ኦክስፎርድ የያዘለትን ቦታ ለቀቀና ተመለሰ።

የታሪክ ሰው ያለ ዓይን ምን ይሠራል?

ቅኔ ቤት ያለፋችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ዓይነ ስውር የኔታ አውቃለሁ። ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው በትሩን ይዘው ያዳምጣሉ። አንዲት ፊደል ጠብቃ መነበብ ሲገባት ላልታ ከተነበበች በትሩ መሬቱን ይመታል። "ተመለስ!" ይላሉ። ተማሪው ያያል፣ ይሳሳታል። እሳቸው አያዩም፣ አይሳሳቱም። ጓንግዙ ውስጥ የቼንን ቤት ስጎበኝ ያሰብኩት የኔታን ነው። ከፎቁ ላይ ባለው በረንዳ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ተማሪዎቹ እዚያ ይመጡ ነበር። ከበሩ ጀምሮ ነጭ የሲሚንቶ መንገድ አለ። ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ በጥቂቱ ይለይ ስለነበር፣ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የኮሚኒስት ፓርቲ ኃላፊ የነበረው ታኦ ዡ ነጩን ጭላንጭል እያየ እንዲሄድ ያሠራለት መንገድ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ መሄድ አቃተኝ።

ጓንግዙ የገባው በ1949 መጀመሪያ ነው። ሊንግናን የሚባል ዩኒቨርሲቲ ጋበዘው፤ በኋላ ከሱን ያትሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። ወደ ታይዋን ና እያሉ የወተወቱት ወዳጆች ነበሩት። አልሄደም። ከአገሩ አልወጣም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ነጥቤ መጣን። "አይሆንም" ማለት።

በ1953 ቤጂንግ ያለው የሳይንስ አካዳሚ አዲስ የታሪክ ተቋማት አቋቋመ። የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ተቋምን እንዲመራ ቼንን ፈለጉት። ትልቅ ሹመት ነው። ደብዳቤ ይዞ የመጣው ደግሞ የራሱ ተማሪ ዋንግ ጂየን ነው፤ እሺ ያሰኘዋል ተብሎ የተላከ። ተማሪው ግን ተለውጧል፤ የፓርቲ አባል ሆኗል፣ መምህሩን በአዲሱ ቋንቋ ማናገር ጀመረ። ቼን ተቆጣ። አንተ የእኔ ተማሪ አይደለህም አለው። ከዚያም ታኅሣሥ 1 ቀን 1953 መልሱን በቃሉ ነገረው፤ ዋንግ ጂየን ጻፈው።

ምን አለ? የእኔ አቋም ለዋንግ ጉዎዌይ በጻፍኩት የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ አለ፣ አልተለወጠም አለ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ሐረግ፤ ራሱን የቻለ መንፈስ፣ ነፃ የሆነ ሐሳብ። ቀጠለና፣ እኔ ይህን መንግሥት አልቃወምም፣ የማርክስን ካፒታል እንኳ በ1911 ስዊዘርላንድ እያለሁ በመጀመሪያ ቋንቋው አንብቤዋለሁ አለ። ነገር ግን አንድን አመለካከት አስቀድሞ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ምርምር ማድረግ አይቻልም አለ። ሁለት ቅድመ ሁኔታም አስቀመጠ። አንደኛ፣ ተቋሙ ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን እንዳይከተልና የፖለቲካ ጥናት እንዳይኖርበት ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ማኦ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው መሪ ሊዩ ሻውቺ ይህን የሚፈቅድ ወረቀት ጽፈው ይስጡኝ፣ ጋሻ እንዲሆነኝ። በ1953! ቻይና ውስጥ!

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የውይይት ክበብ ያለፈባችሁ ታላላቆቼ አላችሁ። በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ የተወያያችሁ። ይህ ንግግር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

አሁን ሦስቱ ነገር አንድ ነው ያልኩት ይግባችሁ። ዲግሪ ሳይፈልግ የተማረው ሰው፣ በሺህ ዓመት ግጥም ላይ "ቆይ፣ ወሩ ስንት ነው?" ብሎ የጠየቀው ሰው፣ እና ለአካዳሚው አይሆንም ያለው ሰው፣ ያው አንድ ሰው ነው። ብዙዎች ስለ ድፍረቱ ይናገራሉ። እውነት ነው፣ ደፋር ነው። እኔ ግን ከድፍረትም በፊት የሙያ ነገር ይመስለኛል። መልሱ አስቀድሞ ከተሰጠህ መዝገቡን ለምን ትገልጣለህ? ንጉሡ በበጋ ፍል ውኃ አልሄደም የሚለውን የሚያገኘው፣ ላገኝ እችላለሁ ብሎ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ነፃነቱን ቢሰጥ ሥራውን ነበር የሚሰጠው።

ቤጂንግ አልሄደም። በዚያው ጓንግዙ ቁጭ ብሎ የመጨረሻውን ትልቅ መጽሐፉን ጀመረ። ስለ ማን? ስለ ንጉሥ አይደለም። ሊዩ ሩሺ ስለምትባል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ነው። በልጅነቷ ተሸጣ፣ በግጥምና በዜማ ሰዎችን እያዝናናች የኖረች፣ ኋላ ቺያን ቺያንዪ የሚባል ታላቅ ሊቅ ያገባች። ማንቹዎች አገሩን ሲይዙ ባሏ ገባላቸው፤ እሷ ግን ተቃዋሚዎችን ስትረዳ ኖረች። ኅብረተሰቡ የናቃትን ሴት ይህ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዐሥር ዓመት ሙሉ ፈለጋት። ነገሩ የተጀመረው በጦርነቱ ጊዜ ኩንሚንግ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከአንድ መጽሐፍ ነጋዴ ከቺያን የድሮ አትክልት ቦታ የመጣች አንዲት ቀይ ባቄላ ገዛ፤ ሃያ ዓመት ያህል አስቀመጣት።

እንዴት ጻፈው? በረዳቱ በሁዋንግ ሹዋን እጅ። ይህቺን ሴት አትርሱብኝ። ከ1952 እስከ 1966 አብራው ሠርታለች። እሷም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የላትም! ቤቷ በተቀጠሩ መምህራን ነው የተማረችው። እሱ እከሌ መጽሐፍ፣ እዚህ አካባቢ፣ እንዲህ የሚል አለ ይላታል፤ ፈልጋ ታነብለታለች፤ አስቦ በቃሉ ይነግራታል፤ ትጽፋለች። በ1962 ወድቆ እግሩ ተሰበረ፣ ከአልጋና ከወንበር ዋለ፤ ሥራው አልቆመም። በ1964 አለቀ። ስምንት መቶ ሺህ ያህል ፊደል! ቼን ስለ እሷ በጻፈው ምስክርነት ያለ እሷ ይህን መሥራት አልችልም ነበር ብሏል።

በዚያው ዓመት ጂያንግ ቲያንሹ የሚባል የድሮ ተማሪው ከሻንጋይ ሊጠይቀው መጣ። እሱም ስመ ጥር ፕሮፌሰር ነው፣ ዕድሜው ከስድሳ አልፏል። ቼን ማየት ስለማይችል ተቀመጥ አላለውም። ጂያንግም አልተቀመጠም፤ ቼን አውርቶ እስኪጨርስ ከአጠገቡ ቆሞ አዳመጠ። ቼን የጽሑፎቹን ሁሉ አደራ ለእሱ ሰጠ።

ከዚያ 1966 መጣ። የባህል አብዮት። ግድግዳው በውግዘት ወረቀት ተለጠፈ። ደመወዙ ታገደ። ቀይ ዘብ የሚባሉት ወጣቶች ዓይነ ስውር መሆኑን ስለሚያውቁ ድምፅ ማጉያ ቤቱ ዙሪያ ሰቀሉበት፤ ውግዘቱን እንዲሰማ። ልብ ሕመምተኛ ነው፤ ሚስቱ ታንግ ዩንም እንደዚያው። በ1969 ከዚያ ከበረንዳው ቤት አስወጧቸው። ጥቅምት 7 ቀን 1969 ሞተ። ሚስቱ ከ45 ቀን በኋላ ተከተለችው።

ጂያንግ አደራውን አልበላም። የራሱን ሥራ ወደ ጎን አድርጎ የመምህሩን ጽሑፍ ሰበሰበ፣ አረመ፣ አስተያየ። ከ1980 ጀምሮ ሻንጋይ ውስጥ በተከታታይ ታተመ፤ የሊዩ ሩሺ መጽሐፍም በዚያው ዓመት ወጣ። የባልና ሚስቱ አመድ ግን እስከ 2003 ድረስ ሳይቀበር ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት ሉሻን ተራራ ላይ ባለው የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ተቀበረ። ያን ማዕከል ካቋቋሙት አንዱ የወንድሙ ልጅ ነው። መቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ያችን ዐሥር ፊደል ይዟል።

ይህን ያህል ካልኩ ይበቃኛል፤ ሰዓቱም ሄዷል። ስለ ሊዩ ሩሺ ብዙ ትቻለሁ፤ ስለ ቡድሂስት ተረቶች የሠራውን ደግሞ ጭራሽ አልነካሁትም። በጥያቄያችሁ እናነሳዋለን። ማይክሮፎኑ በቀኝ በኩል ነው ያለው፤ በሉ ጀምሩ።